ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ሌሊት፣ ከግቢያችን ብስክሌት ተሰረቀ። በማግስቱ ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ስክሪኑ ዙሪያ ተሰብስቦ የካሜራውን ቅጂ ወደ ኋላ እየመለስን ስናይ፣ ሰውየው በበሩ ሲገባ፣ ብስክሌቱን ግድግዳው ሥር ሲያነሣና እየገፋ ሲወጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀድቷል። የሚታየው ግን የኮፍያው አናትና ትከሻው ነው፤ ቀና ባለባት አንዲት ቅጽበት እንኳ ዓይኑና አፍንጫው ተደበላልቀው ጥላ ብቻ ሆነዋል። ካሜራውን የሰቀልኩት እኔ ራሴ ነኝ። "ሁሉንም እንዲያይ" ብዬ ከጣሪያው ጥግ ላይ፣ መሰላሉ እስከደረሰልኝ ድረስ ከፍ አድርጌ ነበር ያሰርኩት።

ከዚያ ወዲህ ለዘመድም ለሥራ ባልደረባም ካሜራ ስገጥም መጀመሪያ የማነሣው ወረቀትና እርሳስ ነው። ለእያንዳንዱ ካሜራ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ለምሳሌ "ይህ ካሜራ በሌሊት በበሩ የገባውን ሰው ፊት ያሳየኝ" ወይም "ይህ ካሜራ ጓሮው ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን ያሳውቀኝ" እላለሁ። ሁለቱ የተለያየ ሌንስ፣ የተለያየ ከፍታና የተለያየ ርቀት የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ካሜራ ለመወጣት መሞከር የእኔ ስህተት ነበር፤ በየቤቱ በብዛት የማየውም ይህንኑ ነው።

አይኢሲ 62676 የተባለው የቪዲዮ ክትትል ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የ4ኛው ክፍል እትሙ ይህን ልዩነት በቁጥር አስቀምጦት ነበር። መለኪያው ሰውየው በሚቆምበት ቦታ ላይ በአንድ ሜትር ስፋት ውስጥ ስንት ፒክሰል (የምስል ነጥብ) ያርፋል የሚለው ነው። ሰው መኖሩን ለማወቅ በሜትር 25 ፒክሰል ይበቃል፤ ከዚህ ቀደም የምናውቀውን ሰው ለመለየት 125 ያስፈልጋል፤ የማናውቀውን ሰው ማንነት ያለ ጥርጥር ለማረጋገጥ ደግሞ 250። ቁጥሮቹ ጥሩ ብርሃንና ንጹሕ ሌንስ መኖሩን ታሳቢ አድርገው የሚወሰዱ መነሻዎች ስለሆኑ፣ በጨለማና በጭጋግ ከዚህ የበለጠ መያዝ እንጂ ከዚህ ማሳነስ አይገባም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የተለመደው ባለ 2 ሜጋ ፒክሰል ካሜራ ምስል በአግድም 1920 ፒክሰል አለው። ይህን ለ250 ስናካፍለው 7.68 ይመጣል፤ ስለዚህ ሰውየው በቆመበት ቦታ ምስሉ ከ7.68 ሜትር በላይ ስፋት የሚሸፍን ከሆነ ማንነቱን እለያለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም። የሌንሱ የእይታ ማዕዘን 90 ዲግሪ ሲሆን የምስሉ ስፋት የርቀቱ እጥፍ ስለሆነ፣ ይህ ወሰን ከካሜራው 4 ሜትር ሳይሞላ ያበቃል። የእኔ ካሜራ ከበሩ 11 ሜትር ይርቅ ነበር፤ በሩ ላይ የምስሉ ስፋት 22 ሜትር፣ በአንድ ሜትር የሚያርፈውም 87 ፒክሰል ብቻ ነበር ማለት ነው። በዚያ ምስል የገዛ ወንድሜን እንኳ በእርግጠኝነት ለመለየት ይቸግረኝ ነበር፤ ይህን ግን ያወቅሁት ብስክሌቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው መፍትሔውን በሜጋ ፒክሰል ብዛት ይፈልጋል። ከ2 ወደ 8 ሜጋ ፒክሰል መሄድ ጠቅላላውን የፒክሰል ብዛት በአራት ሲያበዛ በአግድም ግን እጥፍ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ የምስል ዳሳሹ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) መጠን ካልጨመረ ደግሞ እያንዳንዱ ፒክሰል ስለሚያንስና የሚሰበስበው ብርሃን ስለሚቀንስ፣ ቀን ያማረው ምስል ሌሊት በነጠብጣብ ይሞላል። እኔ ሌንሱን መቀየር እመርጣለሁ። አብዛኞቹ የቤት ካሜራዎች ይዘውት የሚመጡት 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ 100 ዲግሪ አካባቢ ያያል፤ 6 ሚሊ ሜትሩ ወደ 50 ዲግሪ ይጠባል፤ ጠበብ ባለ መጠንም ሩቁን ያቀርባል። ለበሩ የመረጥኩት ባለ 4 ሜጋ ፒክሰልና ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራ በ11 ሜትር ርቀት 10 ሜትር ያህል ስፋት ስለሚሸፍን፣ 2560ው ፒክሰል በሜትር 250 ገደማ ይሰጠኛል። የቀድሞው ካሜራም አልተጣለም፤ ግቢውን በጠቅላላ እንዲያይ ተትቷል፤ እሱ የሚችለው ሥራ ይህ ነው።

ከፍታም እንዲሁ በስሌት የሚወሰን ነው። የአንድ ሰው ፊት ከመሬት 1.6 ሜትር አካባቢ ነው ብንል፣ 5 ሜትር ላይ የተሰቀለ ካሜራ 4 ሜትር ርቆ የቆመን ሰው በ40 ዲግሪ ያህል ቁልቁል ያየዋል፤ ማንኛውም ኮፍያ ፊቱን ይሸፍነዋል። 2.5 ሜትር ላይ ያለ ካሜራ ግን ያንኑ ሰው በ13 ዲግሪ ያየዋል። ዝቅ ያለ ካሜራ እጅ ሊደርስበት ይችላል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ለዚህም ጠንካራ ሽፋን ያለውን፣ በተለይም አይኬ 10 የሚል የመምታት መቋቋሚያ ደረጃ ያለውን መምረጥና ያን ካሜራ ሌላ ካሜራ እንዲያየው ማድረግ ይበጃል።

ሥራው ሁሉ የሚፈተነው ግን ሌሊት ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ካሜራው አጠገብ ብትቆሙ አንዲት ቀጭን የ"ቀጭ" ድምፅ ትሰማላችሁ፤ የኢንፍራሬድ ማጣሪያው ከዳሳሹ ፊት ዞር ሲል የሚያሰማው ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ካሜራው ጥቁርና ነጭ ያያል፤ በራሱ የኢንፍራሬድ መብራትም ይጠቀማል። በ850 ናኖ ሜትር የሚሠሩት መብራቶች በጨለማ ደብዛዛ ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ በ940 ናኖ ሜትር የሚሠሩት ለዓይን አይታዩም፤ ነገር ግን የካሜራው ዳሳሽ ለዚያ ብርሃን ስሜቱ ደካማ ስለሆነ የሚደርሱበት ርቀት አጭር ነው። ካሜራውን ነጭ ግድግዳ ወይም የጣሪያ ክፈፍ አጠገብ ካስጠጉት መብራቱ እዚያ አርፎ ተመልሶ ይመጣና ካሜራው "ብርሃን በዝቷል" ብሎ የቀረውን ምስል ሁሉ ያጨልመዋል። በጉልላት ቅርጽ ሽፋን ላይ የቀረ የጣት ቅባትም በሌሊት እንደ ጉም ይዘረጋል፤ ስለዚህ ሽፋኑን ስገጥም በንጹሕ ጨርቅ ይዤ ነው። በሌንሱ ፊት ለሚያደራ ሸረሪት ደግሞ፣ የካሜራውን መብራት አጥፍቶ ለብቻው የሚቆም የኢንፍራሬድ መብራት አንድ ሁለት ሜትር ርቆ ከመትከል የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁም፤ ነፍሳቱ መብራቱን፣ ሸረሪቷም ነፍሳቱን ተከትለው ይሄዳሉ።

በሌሊት ምስል ላይ ብዙዎች የማይነኩት አንድ ቅንብር አለ፤ የሸተር ፍጥነት ይባላል። ካሜራው በራሱ ሲተው በጨለማ ብርሃን ለመሰብሰብ ሸተሩን እስከ 1/25 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይከፍተዋል። ባዶው ግቢ በዚህ ጊዜ ያማረ ይመስላል፤ በሰከንድ 1.5 ሜትር የሚራመድ ሰው ግን በዚያች ቅጽበት ውስጥ 6 ሴንቲ ሜትር ስለሚንቀሳቀስ ፊቱ ይዘረጋል። የብስክሌቱን ሌባ ፊት ካጠፉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ገደቡን 1/100 ላይ ሳደርገው መንቀሳቀሱ ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወረደ፤ ምስሉ ስለጨለመም በሩ ላይ ተጨማሪ መብራት ተከልኩ። ከደማቅና ከተዘረጋ ምስል ጨለም ያለና ጥርት ያለ ምስል ይሻላል።

ስለ ኬብል አጠር አድርጌ ልናገር። ካሜራው ኃይሉንም መረጃውንም በአንድ የኔትወርክ ኬብል የሚያገኝበት ፒኦኢ የተባለው ዘዴ እጅግ የተመቸ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ደረጃ ከስዊቹ (ኬብሎቹን ከሚያገናኘው መሣሪያ) 15.4 ዋት ይልካል፤ ካሜራው ጋር እንደሚደርስ የሚታሰበው 12.95 ዋት ነው፤ የኬብሉ ርዝመትም ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ንጹሕ መዳብ መሆኑን ሳያረጋግጡ ኬብል መግዛት ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ዘመዴ ቤት የገጠምኩት ካሜራ ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሠርቶ በየምሽቱ ይጠፋና እንደገና ይነሣ ነበር። ካሜራውን ቀየርኩ፤ ስዊቹን ቀየርኩ፤ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ የሽቦውን ጫፍ በቢላ ፋቅ ሳደርገው ከመዳቡ ቀለም ሥር ብርማ ብረት ወጣ፤ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ኖሯል። ሲመሽ የኢንፍራሬዱ መብራት ሲበራ ካሜራው የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ ያ ሽቦ ደግሞ መሸከም አልቻለም።

የማከማቻ መጠንን በግምት ማስላት አያስፈልግም። በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሚልክ ካሜራ በቀን 43.2 ጊጋ ባይት ይሞላል፤ አራት ካሜራ ለ30 ቀን ሲቀዱ 5.2 ቴራ ባይት ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች 265 የተባለው የማመቂያ ዘዴ ከቀዳሚው ኤች 264 በእጅጉ ያነሰ ቦታ ይወስዳል፤ በሰከንድ 15 ምስልም ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ካደረጋችሁ፣ መቅጃው ከእንቅስቃሴው በፊት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ጭምር እንዲይዝ አዝዙት፤ አለዚያ የምታገኙት የሚወጣውን ሰው ጀርባ ነው። ሃርድ ዲስኩም ቀንና ሌሊት ለሚጻፍበት ሥራ የተሠራው ዓይነት ይሁን።

የይለፍ ቃል ነገር ግን ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ከፋብሪካ በመጡበት የይለፍ ቃል የተተዉ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት ተቆጣጥሮ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዳይን የተባለውን፣ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ኢንተርኔት አድራሻ የሚተረጉም ድርጅት ሲያጠቃ በርካታ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠው ነበር። የእነዚያ ካሜራዎች ባለቤቶች አብዛኞቹ የሆነውን እንኳ አላወቁም። ስለዚህ እኔ የይለፍ ቃሉን የምቀይረው መሣሪያው ኢንተርኔት ከማግኘቱ በፊት ነው፤ ፋየርዌሩን፣ ማለትም የመሣሪያውን ውስጣዊ ሶፍትዌር፣ አሳድሳለሁ፤ ራውተሩ በራሱ በር እንዲከፍት የሚፈቅደውን ዩፒኤንፒ አጠፋለሁ፤ ከውጭ ማየት ሲያስፈልግም በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ እገባለሁ። ሰዓቱም ከሰዓት አገልጋይ ጋር በራሱ እንዲስተካከል ይደረግ፤ ሰዓቱ የተዛባ ቅጂ ለማስረጃነት ሲቀርብ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም።

አዲሱን ካሜራ ለመትከል መሰላል ላይ ወጥቼ ሳለ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ከአጥሩ ማዶ ቆመው "ልጄ፣ ይሄ ነገር የእኔን ጓሮ ያያል እንዴ?" አሉኝ። "ኧረ አያይም፣ እማማ" ብዬ ልመልስላቸው ከጀመርኩ በኋላ ስልኬ ላይ ምስሉን ስከፍት፣ ልብስ የሚያሰጡበት ገመድ ከነልብሱ ወለል ብሎ ይታያል። ይቅርታ ጠይቄ ካሜራውን አዞርኩት፤ ለቀረችው ጥግም በቅንብሩ ውስጥ ያለውን መሸፈኛ ጥቁር አድርጌ፣ አጥሩን ዞሬ ሄጄ አሳየኋቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት የመኖሪያ ቤት ካሜራ የሕዝብ መንገድን ጭምር የሚቀዳ ከሆነ ጉዳዩ የቤት ውስጥ የግል ጉዳይ ብቻ ሊባል እንደማይችል ወስኗል፤ ሕጉ እንደየአገሩ ቢለያይም፣ በሰው ጓሮ ላይ ዓይን መትከል የትም ቢሆን ትክክል አይደለም። የካሜራውን ማይክሮፎንም በዚያው ቀን አጠፋሁ።

ያን ካሜራ መሰላሉ ላይ በቴፕ ብቻ አስሬ፣ በጊዜያዊ ኬብል አገናኝቼ ነበር ያሳደርኩት። ሲመሽ ታናሽ እህቴ ኮፍያዋን ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋ በተለመደው እርምጃዋ በበሩ እንድትገባ ለመንኳት። መጀመሪያ ፊቷ ከበሩ መብራት የተነሣ በግማሽ ጠቆረ፤ መብራቱን ወደ ጎን አዛወርኩ። በሁለተኛው ደግሞ ተዘረጋ፤ ሸተሩን ከ1/60 ወደ 1/100 ያደረስኩት ያኔ ነው። በአራተኛው ጊዜ ቅጂውን ወደ ፍላሽ አውጥቼ በሌላ ኮምፒውተር ስከፍተው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ቅንድቧ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ታየች። ግድግዳውን የበሳሁት በማግስቱ ጠዋት ነው።