ሌቭል ለማጥፋት፣ ቴምፕሌት ለመሳል

ማይክሮስቴሽን (በኮምፒውተር ንድፍ መሳያ ሶፍትዌር) ከጀመርኩ ወዲህ የምለማመድበት ድሮዊንግ አንድ ነው፤ ቸርችል ጎዳና፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል እስከ ፖስታ ቤት። ነጥቦቹን የሰጠኝ ቀያሽ ጓደኛዬ ነው (በአዲንዳን፣ ዞን 37 የካርታ መጋጠሚያ)፤ የቀረውን በእግሬ እየዞርኩ አየሁት። ይህን መንገድ የመረጥኩት የማይገኝበት ነገር ስለሌለ ነው፦ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ማንሆል፣ ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ዛፍ፣ አጥር።

አብዛኞቻችን ከሌላው መሳያ ሶፍትዌር ከአውቶካድ ስለመጣን ሌቭል አያስቸግረንም፤ ላየር ማለት ነው፣ ለብቻው የሚበራና የሚጠፋ የድሮዊንግ ንብርብር። የሚያከራክረን ኤለመንት ቴምፕሌት ነው። ቴምፕሌት ሌቭሉን ራሱን ጨምሮ ቀለም፣ የመስመር ዓይነት፣ ውፍረት፣ የጽሑፍ ስታይል፣ ሃች (የቦታ መሙያ ጭረት) ሁሉ ይይዛል፤ አንዱን መርጣችሁ መሳል ስትጀምሩ ሁሉም ባንዴ ይስተካከላል። ታዲያ ለእያንዳንዱ ነገር ቴምፕሌት ካለ፣ ለእያንዳንዱ ነገር ሌቭልስ መኖር አለበት?

እኔ የለበትም ባይ ነኝ። አዲስ ሌቭል ከመክፈቴ በፊት «ይህን ለብቻው ማጥፋት የምፈልግበት ጊዜ ይመጣል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የጎርፍ መውረጃውን እንውሰድ። ክፍቱ ቦይ በደፍን መስመር፣ ውፍረት 3፤ የተከደነው በቁርጥራጭ መስመር፤ የማንሆሉ ክዳን በቀጭን መስመር፣ ውፍረት 1። ሦስት ቴምፕሌት ናቸው፣ ሌቭላቸው ግን አንድ ነው፤ ቦዩን አጥፍቶ ክዳኑን ብቻ አሳዩኝ የሚል ሰው ገና አልገጠመኝም። ምሰሶና ሽቦን ግን ለያየኋቸው። ሽቦው መንገዱን እየተሻገረ ፕላኑን ስለሚሸፍነው፣ የፍሳሽ ሥራ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነው።

ቢሮ ያሉት ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ከ2001ዱ ቪ8 በፊት ሌቭል 63 ብቻ ነበር፣ ያውም በቁጥር። «ልጄ፣ እኛ እኮ 63ቱንም ሞልተን አናውቅም» አሉኝ። ዛሬ ገደብ የለውም፣ በስምም ይጠራል። የሌቭል መብዛት የመጣውም ከዚያ ይመስለኛል።

ቀለሙ ከየት ይምጣ የሚለው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቴምፕሌቱ ውስጥ ቀለሙን «ባይሌቭል» (ከሌቭሉ ይወሰድ) ካላችሁት፣ የሌቭሉን ቀለም ስትቀይሩ ሁሉም ይከተላል። በቁጥር ከሰጣችሁት አይከተልም። እኔ ቀለምን ሁልጊዜ ባይሌቭል አደርጋለሁ፤ የመስመር ዓይነትና ውፍረትን ብቻ ቴምፕሌቱ ይወስን። አንዱ ምክንያት ዲደብሊውጂ፣ የአውቶካድ ፋይል ነው። ከተማው የሚሠራው በአውቶካድ ነው፣ አውቶካድ ደግሞ ኤለመንት ቴምፕሌት የሚባል ነገር አያውቅም። ባይሌቭል የነበረው ባይላየር ሆኖ ይደርሰዋል፣ ያ ይበቃዋል።

የቴምፕሌት አሶሲዬሽን (የተሳለውን ከቴምፕሌቱ ጋር የሚያቆራኘው) ሲበራ፣ ቴምፕሌቱን ስታስተካክሉ ቀድሞ የተሳለውም አብሮ ይስተካከላል። የተከደነውን ቦይ መስመር ዓይነት የቀየርኩት በዚህ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንድም መስመር ሳልነካ። ተፈርሞ ለወጣ ሥራ ግን ባይበራ እመርጣለሁ። የጸደቀ ድሮዊንግ ማንም ቴምፕሌት በነካ ቁጥር መልኩን መቀየር የለበትም።

ሌቭሎቹንም ቴምፕሌቶቹንም ያስቀመጥኩት በዲጂኤን ላይብረሪ፣ ለብዙ ድሮዊንግ በሚያገለግል የጋራ ፋይል ነው። አዲስ ፋይል ስከፍት ዝርዝር ውስጥ ይታያሉ፣ ወደ ፋይሉ የሚገቡት ግን ስጠቀምባቸው ነው። ስለዚህ ፋይሉ በማይፈለግ ሌቭል አይታጨቅም።

መብራት ለሚጠፋብን ሰዎች፦ ማይክሮስቴሽን የተሳለውን ወዲያው ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ መስመራችሁ አይጠፋም። የትኛው ሌቭል በየትኛው ቪው (የማያ መስኮት) በራ፣ ጠፋ የሚለው ግን «ሴቭ ሴቲንግስ» ካላላችሁ አይቀመጥም። ለዚህ ኮንትሮል ኤፍ መምታትን እጃችሁን አስለምዱት።

አሁን የያዝኩት የመንገድና የሕንፃ ስሞችን በአማርኛ መጻፍ ነው። የድሮዎቹ የማይክሮስቴሽን የራሱ የአርኤስሲ ፎንቶች ፊደላችን የላቸውም፤ ትሩታይፕ ያስፈልጋል። ናያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት የያዘ የጽሑፍ ስታይል ሠርቼ ለጽሑፉ ቴምፕሌት ሰጠሁት፤ ስክሪን ላይ አምሯል። ፕሎት ቤት ፎንቱ ላይኖር ስለሚችል ኤ1 ወረቀቱን በፒዲኤፍ ነው የምልከው፣ ፎንቱን ውስጡ አካትቼ። ትንንሾቹ ፊደላት በ1፡500 ይነበቡ አይነበቡ ወረቀቱ ሲወጣ አሳያችኋለሁ።