ተዳፋት ግቢ ላይ ጎርፍ የሚያዘው ከጣሪያ ጀምሮ ነው

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበናና ወደ ግንፍሌ ወንዝ የሚያዘነብሉ ግቢዎች ሐምሌ ሲገባ መልካቸው ተመሳሳይ ነው። የታችኛው አጥር ሥር ደለል ይሞላል፣ መሀል ግቢው በጎርፍ ይሰነጠቃል፣ የቤቱ መሠረት ድንጋይ ይገለጣል። ሲሚንቶ የሚገዛውም ለተሰነጠቀው ቦታ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ታች ቢሆንም ውሃው ጉልበት የሚያገኘው ላይ ነውና ሥራው ከላይ ይጀመር።

በ1 ካሬ ሜትር ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 2,400 ሊትር ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ወርዶ የመሠረቱን እግር ይቆፍራል። አሸንዳው በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ወደ መውረጃው ይዘንብል፤ የመያዣ ብረቶቹ ርቀት ከ60 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ አለበለዚያ በረዶ ሲሞላው ይጎብጣል። ሮቶ ካላችሁ የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው ያልጠበበ ይሁን፣ ቱቦ ገጥማችሁም ወደ ቦዩ አድርሱት። 2,000 ሊትር ሮቶ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ በጎኑ የሚፈሰው ውሃ አፈሩን ይዞት ይሄዳል።

ቦዩን ቁልቁል አትቅደዱት፤ ተዳፋቱን አግድም ይቁረጠው። በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃዋል። ከዚያ ብዙ ካለፈ ወለሉን ይቦረቡራል፣ በጣም ካነሰ በደለል ይደፈናል። በዓይን ግምት አይሆንም። ከ10 ሜትር የረዘመ ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ውሃ ሙሉና የአየር አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ አንድ አረፋ እንኳ ከቀረ ልኩ ይዋሻል። ሁለቱን ጫፎች 10 ሜትር ከተራራቁ ሁለት እንጨቶች ጋር አስጠግታችሁ ውሃው የቆመበትን ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ታችኛው እንጨት ጋ ያለውን የቦይ ወለል፣ ከምልክቱ ሲለካ፣ ከላይኛው 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ። ቦዩ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። የተቆፈረው አፈር በታችኛው ጎን ተከምሮ በደንብ ይጠቅጠቅ።

ግቢው በ10 ሜትር 2 ሜትር የሚወርድ ከሆነ አንድ ረጅም ግንብ ከማቆም ሦስት የ65 ሳንቲ ሜትር ካቦች እጅግ ይሻላሉ። ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ የታችኛው ስፋት ከ40 አይነስ፣ ፊቱ ወደ አፈሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘንብል። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አይዋል፤ በየመሀሉ ረጃጅም ድንጋዮች ወደ ውስጥ ገብተው ካቡን ይያዙት። ከጀርባው 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር እንጂ የተቆፈረውን አፈር መልሳችሁ አትሙሉ። ግንብ ሆድ አውጥቶ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ውሃ ታቁሮ ሲገፋው ነው። በሲሚንቶ ከተገነባ በየ1.5 ሜትሩ ወደ ውጭ ያዘነበለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይቀበርበት። ግንበኛው ፊቱን ሲለስን ቱቦውን በሞርታር ሊደፍነው ስለሚችል ሳይሄድ በዘንግ ወግታችሁ አረጋግጡ። ከ1 ሜትር በላይ ለሚቆም ግንብ መሐንዲስ ጥሩ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አደጋ ነው።

የማስረጊያ ጉድጓድ (ውሃው ወደ አፈር የሚሰርግበት) ከመቆፈራችሁ በፊት አፈሩን ፈትኑ። 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት እንደገና ሙሉና በሰዓት ስንት እንደወረደ ለኩ። ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተዉት። ዋልካ አፈር ከጠገበ በኋላ ውሃ አያሳልፍም፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰንጥቆ ግድግዳ ያናጋል። ቀይ አፈር ይሻላል፣ ግን ጉድጓዱ ከቤቱም ከሽንት ቤት ጉድጓድም ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ፣ ከድጋፍ ግንብ በላይ ከቶ አይቆፈር።

ግቢውን በሙሉ ሊሾ ማድረግ ችግሩን ለታች ጎረቤት ማስተላለፍ ነው። መኪና የሚቆምበትን ብቻ በአሸዋ ላይ ኮብልስቶን አንጥፉ፣ ሌላውን ሣር ይያዘው። ለካቡ ጫፍ ደሾ ሣር ለደጋችን ተስማሚ ነው፤ ቬቲቨር የተባለው ሣርም ሥሩ ጥልቅ ቢሆንም ብርዳችን ያዘገየዋል። ካቡና ቦዩ እስከ ግንቦት ይጠናቀቅ፣ ሣሩ ዝናቡ ሲጸና በሰኔ መጨረሻ 10 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ አግድም በአንድ መስመር ይተከል። ያልጸደቀ ችግኝ ካለ በዚያው ክረምት ተኩበት፤ ጎርፉ ተሰብስቦ የሚያልፈው በዚያች ክፍተት ነው።