ጄኔሬተሩ አለ፣ ቁልፉ የለም

በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰኞ ጠዋት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ፤ መብራት የመጣው ሐሙስ ነው። ግቢው ውስጥ 10 ኬቪኤ የናፍጣ ጄኔሬተር ቢኖርም አልነሳም። ለወራት ሳይነካ ባለ 12 ቮልት ባትሪው ሞቶ ነበር። የመኪና ባትሪ ተገጥሞለት ሲሞከር ደግሞ ታንከሩ ባዶ ነው። ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጧል፣ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ወጪ የሚያደርገው ሠራተኛ ግን ፈቃድ ወጥቷል፤ ቁልፉም ከእሱው ጋር ነው። የወሳኝ ኩነት ማኅተም ደግሞ ሥልጠና በሄደው ኃላፊ መሳቢያ ተቆልፎበታል።

በረንዳው ላይ ሕፃን በጋቢ ያቀፈ አባት ቆሟል። የልደት ምዝገባ ገደብ 90 ቀን ነው፤ ለእሱ የቀረው ሁለት ቀን። ካለፈ የዘገየ ምዝገባ ይሆንበታል።

ማክሰኞ ሠራተኞቹ በደብተር መመዝገብ ጀመሩ። ቅንነታቸው የሚያስመሰግን ነው፣ ትልቁ ጣጣ የመጣው ግን ከዚሁ ነው። ሁለቱም መስኮቶች ከቁጥር 1 ጀመሩ። አንደኛው የተወለደበትን ቀን፣ ሌላኛው የተመዘገበበትን ቀን ጻፈ። የአያት ስም የሌለው መዝገብም ተገኘ። ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ቁጥሮቹ ተደራረቡና ባለጉዳዮች እንደገና ተጠሩ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ባዶ ቅጽ ለየመስኮቱ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለአንዱ ከ1 እስከ 200፣ ለሌላው ከ201 እስከ 400። መብራት ሲመጣ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያስገባል፣ ዋናው ቅጽ ፋይል ይገባል። ሞትና ልደት ይቅደሙ፤ የሞት ምዝገባ ገደቡ 30 ቀን ብቻ ነው። ሳምንት መታገሥ የሚችል አገልግሎት ይቆይ።

ጄኔሬተሩ በየወሩ ለ30 ደቂቃ ኮምፒውተሮቹን ተሸክሞ ይሥራ። ያለ ጭነት ማስነሳት ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ ማውጫው ላይ ያከማቻል። በግማሽ ጭነት በሰዓት 2 ሊትር ገደማ ቢበላ፣ በቀን 8 ሰዓት ለሦስት ቀን 48 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን አይበቃም፣ ሦስት ያስፈልጋል። የተቀመጠው ናፍጣ በየስድስት ወሩ ለመኪና ይዋልና በአዲስ ይተካ።

ፈቃድ ወይም ሥልጠና የሚሄድ ሠራተኛ ውክልና በደብዳቤ ይስጥ፣ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ተጠባባቂ፤ የቃል አደራ ፊርማ አያስወጣም። የግምጃ ቤቱና የመሳቢያው ትርፍ ቁልፍ በታሸገ ፖስታ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ሲከፈትም ሁለት ሰው ቃለ ጉባኤ ፈርሞ ይሁን።