ማሲንቆውን በኢኪው ገደልኩት

ሚክስ ማድረግ (የተቀዱ ድምፆችን አመጣጥኖ ማዋሃድ) የጀመርኩት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ነው። ላፕቶፕ፣ ማይክ፣ ሄድፎን፤ ይኼን ማንም ይገዛል። ከድምፃዊው ትራክ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በኢኪው፣ ማለትም የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ በሚጨምረውና በሚቀንሰው መሣሪያ፣ መቁረጥ የደቂቃ ሥራ ነው። ለ50 ሄርዙ የመብራት ጉምጉምታም ኢኪው አላስፈለገኝም፤ የማይኩን ገመድ ከቻርጀሩ ሳርቀው ጠፋ።

ያቃጠለኝ ማሲንቆው ነው።

አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ለሠርግ ዘፈን መጥተው ሦስቴ ተጫውተውልኝ ሄዱ። የማስተማሪያ ቪዲዮዎቹ የሚሉት አንድ ነው፦ ኢኪው ላይ ጠባብ ባንድ (የድምፅ ክልል) ክፈት፣ ድምፁን 10 ዲሲቤል ጨምር፣ ከታች እስከ ላይ አስኪደው፣ ያስጠላህ ቦታ ላይ ቁረጥ። እኔም ማሲንቆውን ሶሎ አድርጌ፣ ለብቻው እየሰማሁ አመሸሁ። 250 ላይ ያጉረመርማል፤ ቆረጥኩ። 400 ላይ ካርቶን ውስጥ የገባ ይመስላል፤ ቆረጥኩ። 900 ላይ በአፍንጫው ያወራል፤ ቆረጥኩ። 3 ኪሎ ሄርዝ ላይ ጭራው ይፋጫል፤ እሱንማ 8 ዲሲቤል አወረድኩት። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን 7 ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። 10 ዲሲቤል ከጨመሩበት የትኛውም ቦታ እንደሚያስጠላ እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም?

ይባስ ብዬ የተቆረጠውን በዋናው ቅጂ ላይ ሴቭ አደረግሁት። ለዚህስ ራሴን እስካሁን ይቅር አላልኩም።

በማግስቱ አስደመጥኳቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና «ልጄ፣ ይኼ የማን ማሲንቆ ነው?» አሉኝ። ለካ እኔ ቆሻሻ ብዬ የጠረግሁት እጣን የተቀባው ጭራ ሲፋተግ የሚያወጣውን ድምፅ፣ የእሳቸውን እጅ ነው!

ዳግመኛ ሲቀዱ ክፍያውም ትራንስፖርቱም ከኪሴ ወጣ። አሁን ከክፍሉ ጥግ አነሳኋቸው፤ ወፍራም ድምፅ ጥግ ላይ ይጠራቀማል፣ ግማሹ ጉርምርምታ ወንበር በማዛወር ብቻ ሄደ። ከዚያ ሶሎ የምትለዋን ቁልፍ ሳልነካ ሁሉንም አብሬ ሰማሁ። ጥፋተኛው ሌሎቹን የሚሸፍነው የዘፈኑ ኪቦርድ ነበር። 300 ሄርዝ አካባቢ ሰፋ አድርጌ 3 ዲሲቤል ስቀንስለት ድምፃዊውም ማሲንቆውም ብቅ አሉ። አሁን ጠባብ ቁርጥ የምጠቀመው አንድ ኖታ ለብቻው ሲጮህ ነው። ከቆረጥኩ በኋላም በፊት የነበረውንና የአሁኑን በእኩል ቮልዩም ነው የማወዳድረው፤ ካልሆነ ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል።

ሽማግሌው ሁለተኛውን ሲሰሙ እግራቸው መሬቱን ይመታ ጀመር። ከሂሳቡ ግን አንድ ብር አልቀነሱልኝም።