ጅሬን ላይ የጥላ ምስል ማንሳት

ብርሃኑን ከጀርባው አድርገን፣ ሰውየውን ፍጹም ጥቁር አድርገን የምናነሳው ፎቶግራፍ የዚያ ሰው ምስል ነው ሊባል የሚገባው፣ በእኔ እምነት፣ የሚያውቁት ሰዎች ገና ሲያዩት «እገሌ ነው» ብለው ሲለዩት ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ግን የሰማዩ ቀለም ይማርከንና ሰውየውን እንደ ግንድ ገትረን እናነሳዋለን።

ጅማ ለዚህ ሥራ ትመቻለች። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚገኝበት በጅሬን ኮረብታ ላይ ገላጣ ቦታ መርጦ ካሜራውን ዝቅ ያደረገ ሰው፣ ከሚያነሳው ሰው ጀርባ ዛፉና ጣሪያው ወርደው ንጹሕ ሰማይ ያገኛል። ሆኖም ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ፣ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረን ጥሩ ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ መቆሚያውን አስቀድሞ መምረጥ የግድ ነው።

የብርሃኑ ልኬት አያስቸግርም። ሰማዩን ለክቶ አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) መቀነስና አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የመቀበል ንቃቱን፣ 100 ላይ ማቆየት ይበቃል፤ ፎከሱ ግን የፊቱ ጠርዝ ላይ ይሁን። በስልክ የሚያነሳ ሰው ደማቁን ሰማይ በጣቱ ነክቶ ብርሃኑን ይቀንስ፤ ኤችዲአር የሚባለውን፣ ጨለማውንና ደማቁን የሚያመጣጥነውን የስልኩን ቅንብርም ያጥፋ፣ ጥቁር ሆኖ እንዲቀር የምንፈልገውን ፊት ያፈካብናልና።

ልፋቱ ያለው ከግንባር እስከ አገጭ በሚወርደው መስመር ላይ ነው። ሰው ፊቱን ወደ ካሜራው ከመለሰ አፍንጫውም ከንፈሩም ይጠፋሉ፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ሲዞር ግን ሁሉም ይወጣሉ። የተገጠሙ ከንፈሮች አንድ ላይ ስለሚዋሃዱ፣ የማነሳውን ሰው የልጁን ስም እንዲጠራ እጠይቀዋለሁ፤ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል የምትገባው ቀጭን ብርሃን ፊቱን ሕያው ታደርገዋለች። እዚህ ብዙ እናቶችና እህቶች ሂጃብ ስለሚለብሱ የፀጉርና የአንገት መስመር አይገኝም፤ ስለዚህ አገጫቸውን ትንሽ ቀና እንዲያደርጉልኝ እለምናቸዋለሁ። ነጠላ ደግሞ ስስ በመሆኑ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከትከሻ የተንጠለጠለው ጫፉ ግራጫ ሆኖ ሲቀር የገላው ጥቁረት ይበልጥ ይጎላል፣ ይህንን እጅግ እወደዋለሁ።

እጅም ከገላ ራቅ ይበል። ቡና የምትቀዳ እናት ክንዷን ወደ ጎኗ ካስጠጋች ክንዷም ጀበናውም ከገላዋ ጋር አንድ ጥቁር ክምር ይሆናሉ፤ ካራቀች ግን የጀበናው አንገትና እጀታ፣ ወደ ሲኒው የሚወርደው ቡና ሳይቀር ተለይቶ ይታያል።