ዋና ዳኛው ከመፈረማቸው በፊት

በቅርጫት ኳስ ጨዋታዎች ላይ በመዝጋቢነት ስለምሠራ፣ ወዳጆቼ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ነጥብ ተሳስቶ ሲመዘገብ ዳኞች ምን እንደሚያደርጉ ነው። ብዙውን ጊዜ «ይታረማል» ብዬ አልፈው ነበር። መልሱ ሐሰት ባይሆንም የዳኛውን ሥራ ግን አያሳይም። ዳኛው ለማረም ከመወሰኑ በፊት ስህተቱ የተፈጠረው በጠረጴዛው፣ ማለትም በእኛ በመዝጋቢዎቹ፣ ይሁን በፊሽካው፣ ማለትም በዳኞቹ፣ የተገኘውም መቼ እንደሆነ መለየት አለበት፤ የሚታረመውና የማይታረመው የሚለያዩት በዚሁ ነው። ዛሬ በመዘገብኩት ጨዋታ ሁለቱም ዓይነት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስለቀረበ፣ ነገሩ ሳይደበዝዝብኝ ልጽፈው ተቀምጫለሁ።

መነሻው ወረቀቱ ነው። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ደንብ በሚካሄድ ጨዋታ ይፋዊው መዝገብ መዝጋቢው ፊት የተዘረጋው የውጤት ቅጽ እንጂ ግድግዳው ላይ የሚያበራው ሰሌዳ አይደለም። በቅጹ ላይ ከ1 ጀምረው ወደ ታች የሚወርዱ ቁጥሮች ለሁለቱ ቡድኖች ጎን ለጎን ታትመዋል። ከሜዳ የተወረወረ ኳስ ሲገባ ቡድኑ በደረሰበት አዲስ ድምር ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመራል፤ የገባው ነጻ ውርወራ ከሆነ ደግሞ በድምሩ ላይ የተሞላ ክብ ነጥብ ይደረጋል፤ ከጎኑም ያስቆጠረው ተጫዋች የመለያ ቁጥር ይጻፋል። ቅርጫቱ ባለሦስት ነጥብ ከሆነ የተጫዋቹ ቁጥር ይከበባል። አንደኛውና ሦስተኛው ሩብ በቀይ፣ ሁለተኛውና አራተኛው በሰማያዊ ወይም በጥቁር እስክሪብቶ ስለሚጻፉ፣ ነጥቡ በየትኛው ሩብ አካባቢ እንደገባ ከቀለሙ ይታወቃል። ይህን ቅጽ ከልቤ እወደዋለሁ። በላዩ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ማን እንዳስቆጠራትና በምን ዓይነት ውርወራ እንደገባች ይዛ ትቀመጣለች፤ ሰሌዳው ግን ከድምሩ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህም ሁለቱ ተለያይተው ልዩነቱን በሌላ መንገድ መፍታት ሳይቻል ሲቀር የሚጸናው ቅጹ ነው፤ ሰሌዳው በእሱ ልክ ይስተካከላል።

በዛሬው ጨዋታ ሦስተኛው ሩብ ብዙም ሳይገፋ፣ በቅጹ ላይ የእንግዳው ቡድን ድምር 45 ሆኖ ሳለ ሰሌዳው 44 አሳየ። ልዩነቱን ያየሁት ጨዋታው ከወዲያ ወዲህ በሚፈስበት ሰዓት ነበር። ደንቡ በዚህ ጊዜ ኳሱ እስኪሞት፣ ማለትም ጨዋታው እስኪቆም፣ ድረስ መጠበቅን ያዛል፤ አንዱ ቡድን ወደ ቅርጫት እየሮጠ ደወል ማሰማት፣ አንድ ስህተት ለማረም ሌላ በደል መፈጸም ይሆናል። ኳሱ ከመስመር ሲወጣ ሰዓት ያዡ ደወሉን አሰማ፤ ዋና ዳኛውም ወደ ጠረጴዛው መጡ።

«ወረቀቱ ላይ ስንት ነው ያለሽ?» አሉኝ።

«አርባ አምስት ነው፣ ጋሼ።»

የባለሜዳው አሠልጣኝ ከወንበራቸው ተነስተው ሰሌዳውን ሕዝቡ ሁሉ ሲያየው እንደነበር ጮክ ብለው ይናገሩ ነበር። ዳኛው ወደ እሳቸውም ወደ ሰሌዳውም ዞር አላሉም። ጎንበስ ብለው ሁለተኛው ሩብ የተዘጋበትን 38 ላይ ያለውን ወፍራም ክብ ፈለጉና ጣታቸውን ከዚያ አንስተው በዓምዱ ላይ ቀስ እያሉ አወረዱ፤ 40፣ ከዚያ 43፣ ከዚያ 45። ጣታቸው 43 ላይ ቆመ። ከጎኑ የተጻፈው 7 ቁጥር ተከብቧል። «ይህን ሦስት ማን አሳየ?» ብለው ጠየቁ። ምልክቱን ያሳዩት ሁለተኛው ዳኛ መሆናቸውን ስነግራቸው ጠሯቸው፤ እሳቸውም ሁለት እጆቻቸውን ሦስት ሦስት ጣት ዘርግተው እንዳነሱ አረጋገጡ። ረዳት መዝጋቢው ሰሌዳው ላይ የጨመረው ሁለት ብቻ ነበር። ዋና ዳኛው ሁለቱንም አሠልጣኞች አጠገባቸው አቁመው የሆነውን በአጭሩ ነገሯቸው፤ ሰሌዳውም 45 እንዲሆን አዘዙ።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የባለሜዳው አሠልጣኝ ወዲያው፣ እንግዲያው በሁለተኛው ሩብ መጨረሻ 12 ቁጥራቸው ያስቆጠረው ኳስም ሦስት ስለነበረ የእነሱም ይታረምላቸው አሉ። በአንድ በኩል ሲታይ ጥያቄው ተመሳሳይ ይመስላል፤ እዚያም እዚህም የጎደለችው አንዲት ነጥብ ናት። ዋና ዳኛው ግን ቅጹን እንደገና አይተው፣ «ያን ጊዜ ያሳየነው ሁለት ነው፤ ወረቀቱም የሚለው ሁለት ነው። እሱ የእኛ ውሳኔ ነው እንጂ የጠረጴዛው ስህተት አይደለም፤ ጊዜውም አልፏል» ብለው መለሱላቸው። አሠልጣኙ እንደተበደሉ ሆነው ተመለሱ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

የተጫዋቹ እግር ከሦስት ነጥቡ መስመር በስተጀርባ መሆን አለመሆኑ የዳኛ ዕይታ ነው። ዳኞች ደንብን በመዘንጋት የማይገባ ነጥብ ቢሰጡ ወይም የሚገባውን ቢሰርዙ፣ ያልተገባ ነጻ ውርወራ ቢሰጡ ወይም የተገባውን ቢነፍጉ፣ ወይም ሌላ ተጫዋች እንዲወረውር ቢፈቅዱ፣ ደንቡ የማረሚያ ዕድል ይሰጣቸዋል። ዕድሉ ግን ጠባብ ነው፤ ከስህተቱ በኋላ ሰዓቱ ተነስቶ፣ ኳሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቶ፣ ዳግመኛ ሕይወት ከማግኘቱ በፊት ስህተቱ መታወቅ አለበት። ያ ካለፈ ውሳኔው እንዳለ ይቀራል። የአመዘጋገብ ስህተት ግን፣ የነጥብም ሆነ የጥፋት ወይም የታይም አውት ቁጥር፣ ዋና ዳኛው ቅጹን እስኪፈርሙ ድረስ በማንኛውም ጊዜ ሊታረም ይችላል። ይህ ልዩነት ሲነገረኝ በመጀመሪያ የቢሮክራሲ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የዳኛ ውሳኔ በሜዳው መካከል በሁሉም ፊት ተነግሮ ሁለቱም ቡድኖች እሱን ተቀብለው ተጫውተዋል፤ ዘግይቶ መገልበጥ ያለፈውን ጨዋታ ሁሉ ያናጋል። የጠረጴዛ ስህተት ግን በሜዳ የሆነውን አልለወጠም፤ የሆነውን አዛብቶ ጻፈ እንጂ። ሦስቱ ነጥብ ገብቷል፣ ታውጇልም፤ የቀረው በትክክል መጻፉ ብቻ ነው።

ከነጥብ ይልቅ የጥፋት ቁጥር መሳሳት ያስፈራኛል። የጎደለች ነጥብ ትመለሳለች፤ ያለአግባብ ከሜዳ የወጣ ተጫዋች ግን ያልተጫወተው ጊዜ በእስክሪብቶ አይመለስለትም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 19 ቀን 2007 በአሜሪካው ኤንቢኤ አትላንታ ሆክስና ሚያሚ ሂት ሲጫወቱ የሆነው ይህ ነው። በአራተኛው ሩብ በኡዶኒስ ሃስሌም ላይ የተነፋ ጥፋት በጠረጴዛው ላይ በሻኪል ኦኒል ስም ተመዘገበ፤ በተጨማሪው ሰዓት 51.9 ሰከንድ ሲቀር ኦኒል ሌላ ጥፋት ሲፈጽም፣ በእውነቱ አምስተኛው የነበረው ስድስተኛ ተብሎ ከጨዋታ ወጣ። አትላንታ 117 ለ 111 አሸነፈ። ሚያሚ አቤት አለ፤ ኮሚሽነሩ ዴቪድ ስተርንም አቤቱታውን ተቀብለው የሜዳውን ባለቤት ክለብ 50,000 ዶላር ቀጡ፤ የመጨረሻዎቹ 51.9 ሰከንዶችም እንደገና እንዲካሄዱ አዘዙ። ሁለቱ ቡድኖች መጋቢት 8 ቀን 2008 ያችን ጥቂት ሰከንድ ደግመው ሲጫወቱ ማንም ሳያስቆጥር፣ 51.9 ሰከንድ ሲቀር በነበረው 114 ለ 111 ተጠናቀቀ። ኦኒል ግን በዚያ መካከል ወደ ፊኒክስ ሰንስ ተዛውሮ ስለነበር የተነፈገውን ጊዜ አልተጫወተም። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ባለበት ሊግ አንድ ስም በሌላ ስም ቦታ መጻፉ በሰዓቱ አልታረመም። ስለዚህ አሁን የተጫዋች አራተኛ ጥፋት፣ ማለትም በእኛ ደንብ ከሜዳ ከሚያስወጣው በፊት ያለውን፣ በምመዘግብበት ጊዜ፣ ዳኛው በጣቶቹ ያሳየኝን የመለያ ቁጥር ሳላረጋግጥ እስክሪብቶዬን አላነሳም።

ጨዋታው ሲያልቅ ዋና ዳኛው ለመፈረም አልቸኮሉም። የአራቱን ሩቦች ውጤት ለየብቻ አስነብበውኝ ድምሩን ራሳቸው ሠሩት። የጨዋታው ሰዓት ካለቀ በኋላ እንኳ ፊርማው እስካልተቀመጠ ድረስ የተገኘ የአመዘጋገብ ስህተት መታረም አለበት፤ እርማቱ አሸናፊውን የሚለውጥ ቢሆንም እንኳ። ከፊርማው በኋላ ግን አይነካም፤ ለውድድሩ አዘጋጅ ዝርዝር ሪፖርት መላክ ብቻ ነው የሚቀረው። ቅር ያለው ቡድን አምበል ጨዋታው ካለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ አስታውቆ በቅጹ ላይ በተዘጋጀለት ቦታ ሊፈርም ይችላል። ዛሬ የባለሜዳው አምበል አልፈረመም። ዋና ዳኛው የሚፈርሙት ከሁላችንም መጨረሻ ነው፤ በዚያም ፊርማ ዳኞቹ ከጨዋታው ጋር ያላቸው ግንኙነት ያበቃል።

በየሥልጠናው ለእጅ ምልክትና ለአቋቋም ብዙ ጊዜ ሲሰጥ ቅጹ በመጨረሻ በጥድፊያ ይታለፋል፤ ይህ ቢለወጥ ደስ ይለኛል። እስከዚያ ግን ከረዳቴ ጋር ተነጋግረናል። ከእያንዳንዱ ቅርጫት በኋላ እኔ አዲሱን ድምር ጮክ ብዬ እላለሁ፤ እሱ ሰሌዳው ላይ ያለውን አይቶ ይመልስልኛል፤ ካልገጠመ በመጀመሪያው የሞተ ኳስ ዳኛውን እንጠራለን። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ እንዲህ እንሠራለን።