ካምቢዮ ከወረደ ጎሚኒው ሁሉ ይቀየር

አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚወቀሰው ዘይቱ ነው። ዘይቱ ይቀየራል፣ መኪናው ያው ነው። እኔ ግን መኪናው 30 ዓመት ከተጠጋ ቀድሜ የምጠረጥረው ውስጥ ያለውን ጎሚኒ፣ ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚያሽገውን ጎማ ነው።

ሰሞኑን ከባሕር ዳር ጢስ አባይ እንግዳ የሚያመላልስ ሹፌር ቶዮታ ሰርፉን ይዞ መጣ። «ወንድሜ፣ ጠዋት ማርሽ ኋላ ሳስገባው ዝም ይላል። ቆይቶ ዘጭ ብሎ ይገባል። ከሞቀ በኋላ ሰላም ነው» አለኝ። ይሄን በደንብ የሚነግረኝ ሹፌር ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል። ካምቢዮው ውስጥ ፍሪሲዮኑን (ተጨብጠው ማርሹን የሚያስይዙትን ሳህኖች) የሚጨብጠው ፒስተን የሚገፋው በዘይት ግፊት ነው። ጎሚኒው ከደረቀ ግፊቱ በጎን ያመልጣል። ሲሞቅ ትንሽ ይለሰልስና ይይዛል። እስከዚያ ድረስ ግን ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል።

ጎሚኒን ከኪሎሜትር ይልቅ ሙቀት ነው የሚገድለው። ይሄ ሰርፍ አዲስ አበባም ይመላለሳል። አባይ በረሃ ላይ ከድልድዩ ወደ ደጀን ያንን ሁሉ ዳገት ጭነት ይዞ ሲወጣ፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ያለው ዘይት ምን ያህል እንደሚግል አስቡት።

ፒስተኑን ስናወጣ ረዳቴ አንዱን ኦሪንግ (የቀለበት ጎሚኒ) አንስቶ «ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ ደህና ነው» አለኝ። እጠፈው አልኩት። ሲያጥፈው ጀርባው ስንጥቅጥቅ አለ። አዲሱን አጠገቡ አስቀመጥንለት። አዲሱ ድብልብል ነው፤ አሮጌው ተደፍጥጦ አራት ማዕዘን ሆኗል። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረኝም።

«የሚያፈሰውን ብቻ ቀይርልኝ» የሚሉኝ አሉ። ወደ ውጭ የሚያንጠባጥበው «ኦይል ሲል» (የዘይት ማሸጊያ ጎሚኒ) ይታያል፤ ውስጥ ለውስጥ የሚያመልጠው አይታይም። ካምቢዮ ለማውረድ ያለውን ልፋት እያወቅሁ አሮጌ ጎሚኒ መልሼ አልገጥምም።

ጎሚኒውን በቤንዚን አትጠቡት፣ ያብጣል። የካምቢዮ ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀቡት። ግሪስ ግን አይሆንም፤ በዘይቱ ስለማይሟሟ ቀጫጭኑን መንገድ ይደፍናል። ከንፈር ያለው «ሲል» ከሆነ ከንፈሩ ግፊቱ ወደሚመጣበት ይዙር። ካቻቢቴ አታስጠጉት። እኔ ሲም ካርድ የወጣበትን ፕላስቲክ ጠርዙን አለስልሼ፣ ከንፈሩን ቀስ እያልኩ ዙሪያውን አስገባበታለሁ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ሲሉን ይቆርጠዋል፣ መቆረጡንም አያይም።

ለዚህ ነው ሳልዘጋ በፊት በዘይት ቀዳዳው በኩል የኮምፕሬሰር አየር የምሰጠው፤ ግፊቱን ዝቅ አድርጌ። ፒስተኑ «ጧ» ብሎ ከተነሳና አየሩ ካላፏጨ ይዟል። ካፏጨ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይፈታል።

ኪቱን (የጎሚኒውን ሙሉ ስብስብ) የማስመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ለሻጩ «የሰርፍ» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። መኪናው ላይ ያለችው የቶዮታ ሰሌዳ የካምቢዮውን ኮድ ይዛለች፤ የዚህኛው ኤ340 ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ያለው ፊደልም በደንብ እንዲታይ ፎቶ አንሱት። ኤች (H) እና ኤፍ (F) የሚሉት ካምቢዮዎች ከኋላ በኩል አንድ አይደሉም።